ሣር የማይጠይቅ ፈረስ

በ2008 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር፣ በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ምክንያት ተቃውሞ ተነሥቶ መንገዱ በተዘጋበት ሰሞን፣ ከሥራ ወደ ሰበታ ቤቴ በእግሬ ስመለስ የጎረቤቴን የኦቦ ቢቂላን ልጅ ዱርሲቱን አገኘኋት። ሳይክል እየገፋች ነበር። የቀሚሷ ጫፍ በግራሶ ጠቁሯል፤ ፊቷ አቧራ ለብሷል፤ ዓይኗ ግን ይስቃል።

"ከየት ነው?" አልኳት።

"ከተፍኪ፣ እትዬ ማሪቱ! ደርሼ መጣሁ።"

ዱርሲቱ ተፍኪ አጠገብ ባለ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን በየቀኑ እሷ እያየች መድኃኒታቸውን ይውጣሉ፤ ከተቋረጠ ሕመሙ ይበረታባቸዋል። ሚኒባስ ሲጠፋ የወንድሟን ሳይክል አነሣች። እስከዚያ ቀን ከሰፈር ውጭ ነድታው አታውቅም።

ኦቦ ቢቂላ የውሻ ሰንሰለትና ቁልፍ ይዘው በር ላይ ቆመዋል።

"ማሪቱ፣ እንኳን መጣሽ፤ ፍረጂኝ! ይህ ብረት ዛሬ ይታሰራል። እግሯን ከፍታ ስትሄድ ሰበታ በሙሉ አየ። ከእንግዲህ ማን ያገባታል?"

"ኦቦ ቢቂላ፣ እናትዎ ሱሉልታ ገበያ በምን ይሄዱ ነበር?"

"በበቅሎ ነዋ።"

"ሁለቱን እግራቸውን በአንድ ጎን አድርገው?"

"ኧረ ምን ነካሽ! ሊወድቁ? ከቀሚሳቸው ሥር ሱሪ ነበራቸው።"

"የዱርሲቱ ሱሪ ያው፣ ይታያል።"

ኦቦ ቢቂላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "በቅሎ ነፍስ አላት። ድንጋይ ስታይ ትቆማለች። ይህስ?"

"እኔ እቆማለኋ፣ አባባ! ከበቅሎ አንሼ ነው?" አለች ዱርሲቱ።

በአፋቸው 'ነውር ነው' ይላሉ። ዓይናቸው ግን ልጃቸው በመጣችበት መንገድ ላይ ነው። ጠዋት ተኩስ ተሰምቶ ነበር። ሰው ከቤት ወጥቶ አለመመለሱ ምን እንደ ሆነ ስለማውቅ፣ በዚያ በኩል ልከራከራቸው አልፈለግሁም። አባቷ እንዲሰሙ ብቻ የመንገዱን ነገር ጠየቅኋት።

"መንገድ የዘጉት ልጆች ምን አሉሽ?"

"ገና ከሩቅ ወረድኩ። 'አካም ቡልተኒ' ብዬ ሰላም አልኳቸው፤ መድኃኒቱን አሳየኋቸው። ሳይክሉን ተሸክመው በድንጋዩ ላይ አሻገሩልኝ። አንዱማ 'ሲስተር፣ ታርጋሽ የታለ?' ብሎ አሳቀኝ። ጉልበቴ ግን እሳት ሆኗል።"

"እርካብሽ አጥሯላ!" አሉ ኦቦ ቢቂላ፣ ሳያስቡት። "እግርሽ ታች ሲደርስ ለመዘርጋት ጥቂት ሲቀረው ነው ልኩ። ኮርቻውን ከፍ አድርጊው።"

ኦቦ ቢቂላ በሱሉልታ ሜዳ ላይ ስመ ጥር ፈረሰኛ ነበሩ። የግጦሽ መሬቱ ሲታጠር ሣር አጥተው ነው ፈረሳቸውን የሸጡት፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ፈረስ ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም።

"ቁልቁለቱንስ እንዴት ወረድሽው?" አሏት ኦቦ ቢቂላ።

"ፍሬን እንደያዝኩ። የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ።"

"ልጓም እስከ ታች ተይዞ ይወረዳል እንዴ? ያዝ፣ ለቀቅ ነው! ምን በላሽ?"

"ጾም ነው ብዬ ምንም አልቀመስኩም። ስመለስ ዓይኔ ጨለመብኝና ወርጄ መንገድ ዳር ተቀመጥኩ።"

ኦቦ ቢቂላ ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ ቁጭ አሉ።

"ፈረሴን እንኳ ባዶ ሆዱን ረጅም መንገድ አስነሥቼው አላውቅም፤ ልጄን!" አሉ ቀስ ብለው። "በሽተኛ የሚያገለግል መንገደኛ እንዴት እንደሚጾም ዛሬውኑ ቄሱን እጠይቃለሁ። ነገ ግን ቆሎ ትይዣለሽ። ውኃም ጠብ ጠብ እያደረግሽ ነው፤ አንዴ ግጥም አድርገሽ አይደለም።"

"ነገ?" አለች ዱርሲቱ።

ሰንሰለቱን ትንሽ ተመለከቱትና ለልጃቸው ሰጧት። "ይህን ያዢ። እዚያ ስትደርሺ እሰሪበት፤ እንዳይሰረቅ። ተኩስ ከሰማሽ ግን ወዲያው ትመለሻለሽ።"

"እመለሳለሁ፣ አባባ።"

ልጅቱን አደነቅሁ፤ ሽማግሌውን ደግሞ የበለጠ። የፈሩትን ነገር ሳይክዱ የሚያውቁትን ስንቅ አድርገው ሰጧት። ይህን የምታነቡ ወላጆች ሆይ፣ ሳይክል ቤንዚን ባይኖር ይሄዳል፤ ታክሲ ሲቆም አይቆምም፤ ሴት ልጅንም የማንንም ፈቃድ ሳትጠብቅ ሥራዋ ላይ ያደርሳል። የሚጠይቀው ጥቂት ነው፦ ለእግር የተለካ ኮርቻ፣ ከሳይክሉ ሰንሰለት የራቀ ልብስ፣ ድካም ሳይመጣ ዕረፍት። ነውሩ ሕሙማን እየጠበቁ ቤት መቀመጥ ነው።

የፊተኛው ጎማ አየር ጎድሎት ነበር። ኦቦ ቢቂላ "በምን ይነፋል?" ሲሉ ወደ ቤቴ ገባሁና ከበር ጀርባ የተሰቀለውን ፖምፓ አወረድኩ። እጀታው በቆዳ ተጠቅልሏል። ከቤት ወጥቶ ያልተመለሰው የባለቤቴ እንደ ነበረ ሁለቱም ያውቃሉ።

ኦቦ ቢቂላ ጎማው እስኪጠነክር ነፉ። ከዚያ የፈረስ አንገት እንደሚመታ ሰው መታ መታ አደረጉት።

"ይህስ ሣር አይጠይቅም" አሉ።

በማግስቱ ጠዋት እስከ ድንጋዮቹ ድረስ ሸኟት፤ ሳይክሉንም ራሳቸው ተሸክመው አሻገሩላት። ቀኑን ሙሉ ከደጃፋቸው አልተነሡም፤ እኔም ከመስኮቴ አልራቅሁም። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የሳይክሉ ደወል ተሰማ። ዱርሲቱ በኔ በር ላይ ወረደችና ይዛው የዋለችውን ፖምፓ በሁለት እጇ ዘረጋችልኝ።

"አንቺው ዘንድ ይቀመጥ" አልኳት።