የሽጉጥ ፈቃድ የዘገየባቸው ሽማግሌ

ሚስተር ቶይቮ ኒየሚ ዕድሜያቸውን በሙሉ አሜሪካ ውስጥ በኮሎምቢያ ወንዝ ላይ የሳልሞን መረብ ሲጥሉ የኖሩ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። ሚስታቸው አይሊ ካረፈች ወዲህ ማቲላ ላንዲንግ በምትባለው የወንዝ ዳር መንደር ብቻቸውን ይኖራሉ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ፊታቸው ጠቁሮ ከሸሪፉ፣ ማለትም ከወረዳው ፖሊስ አዛዥ፣ ቢሮ ሲወጡ ጎረቤታቸው ሮዛልባ ቲኖኮ ደጃፉ ላይ ተገጣጠመቻቸው። ሮዛልባ አባቷ በዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካ ውስጥ ደክሞ ያስተማራት፣ አሁን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳይንስ የምታስተምር ሴት ናት። ለተማሪዎቿ ጉብኝት ልታስፈቅድ መጥታ ነበር።

«ደህና አደሩ ሚስተር ኒየሚ? ምነው፣ ሰው ሞተ እንዴ?»

«እስካሁን አልሞተም። ወረቀቱ እስኪደርስ ግን እኔ ሳልሞት አልቀርም» አሉ ሽማግሌው።

አውቶቡሱ ስላመለጣቸው በመኪናዋ ልትወስዳቸው ጠየቀቻቸው፤ እሳቸውም ጥቂት ካንገራገሩ በኋላ ገቡ። መንገዱ ወንዙን ተከትሎ ይሄዳል። ከውሃው የተነሣው ጉም ዛፎቹን እስከ ወገባቸው ውጧቸው ነበር።

«ሽጉጥ በልብሴ ውስጥ ይዤ ለመሄድ ፈቃድ አመለከትሁ» ሲሉ ጀመሩ። «ትምህርቱን ጨርሻለሁ፤ የምስክር ወረቀቴ ይኸው ኪሴ ውስጥ ነው። አሻራ ለመስጠት ብቻ ክረምቱ እስኪያልፍ ጠብቅ ተባልሁ። አመልካቹ ብዙ ነው፣ ጸሐፊዋ ደግሞ አንዲት። ከዚያ በኋላም ማጣራት አለ አሉኝ። ለመሆኑ ወንጀለኛ ቀጠሮ ይዞ ነው የሚመጣው?»

«ቀጠሮስ አይዝም። ግን ሽጉጡን ገዙት?»

«መርጬ ሱቁ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። በጉያዬ ካልያዝሁት መሳቢያ ውስጥ ምን ይሠራልኛል? እኔ ሕግ አክባሪ ነኝ። ያለ ፈቃድ አልይዝም፤ ለዚህ ነው የምቃጠለው። ሕግ የማያከብረው ይኼኔ ታጥቆ ይንጎራደዳል።»

 ሮዛልባ በለሰለሰ ድምፅ «ማንን ፈርተው ነው?» አለቻቸው።

«ሰዎች አሉ።»

«ምን ዓይነት ሰዎች?»

«በግድቡ መንገድ ላይ የሚቆሙ።»

«ሰደቡዎት? ገንዘብ ጠየቁዎት?»

«ምንም አላሉም። የሚያስፈራውም እሱ ነው» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።

መምህርቷ በተፈጥሮዋ ክርክር ትወድ ስለነበር ዝም ብላ አላለፈችውም። «አይቆጡኝና፣ እኔ ያ መጠበቅ ሁሉ ከንቱ ነው አልልም። ሰው ሲፈራና ሲናደድ የሚያየውና ሲረጋጋ የሚያየው አንድ አይደለም። ጊዜ የሚሰጠን ያንን ነው» አለች።

«ተይ እንጂ ልጄ። እህትሽን ማሪሴላን ያ ባሏ ከቤት ቤት ሲያሳድዳት የሽጉጥ ፈቃድ መጠበቁ ምን ጠቀማት? ያኔ አንቺው አልነበርሽም እንዴ ሸሪፉን የተራገምሽ?»

ሮዛልባ መሪውን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። «አልጠቀማትም። በዚህ ላይ እውነትዎን ነው። አገር ለቅቃ እስክትሄድ እናቴ እንቅልፍ አልነበራትም። በእሷ ላይ የዘገየው ሕግ አሳፋሪ ነው።»

«ታዲያ ተረታሽ።»

«ገና ነኝ። የእሷን አሳዳጅ መላው መንደር በስሙ ያውቀው ነበር። የእርስዎን ግን ማን አየ?»

ሽማግሌው አልመለሱም። ቤታቸው ደጃፍ ላይ ሲወርዱም አመሰግናለሁ ብቻ ብለው ገቡ። ሰው በክርክር መካከል ዝም ሲል ሁልጊዜ አሳብ አልቆበት አይደለም፤ የሚናገረው ነገር ከራሱም አልፎ እንዳይሄድ ፈርቶ የሚያደርገው ጊዜ አለ። ሚስተር ኒየሚም የደበቁት ነገር ነበራቸው።

ሰዎቹ መታየት የጀመሩት በበጋው ማለቂያ ላይ ነው። መጀመሪያ አንድ ረጅም ሰው፣ ኮሌታው እስከ ጆሮው የቆመ ጥቁር ካፖርት ለብሶ፣ ወንዙ መንደሩን እንዳያጥለቀልቅ በተሠራው የአፈር ግድብ ላይ ባለው የጠጠር መንገድ ዳር ቆሞ አዩ። ሰላምታ ሰጡት፤ አልመለሰም። በሌላ ቀን ላባ የተሰካበት ሰፊ ባርኔጣ ያደረገች ሴት ከጎኑ ቆመች። ከዚያም ሌሎች ተጨመሩ። ጠጠሩ በሽማግሌው ጫማ ሥር ይንኮሻኮሻል፤ በእነሱ እግር ሥር ግን ድምፅ የለም። ከሁሉ የባሰው ፊታቸው ነበር። በዚያ ወቅት የጎረቤቱ ሁሉ መልክ እንደ ራሰ ወረቀት ይደበዝዝባቸው ጀምሯል፤ የእነዚህ ግን ሽፋሽፍታቸው እንኳ ይለያል፤ የካፖርታቸው ቁልፍ ያብረቀርቃል። ሽማግሌው ወንዙ የበላቸውን አጥማጆች አንድ ባንድ እያስታወሱ መልካቸውን ከእነዚህ ጋር አስተያዩ። አንዱንም አላወቁትም።

ለማን ይናገሩ? በሌላ ከተማ ለሚኖረው ልጃቸው ቢነግሩት ወደ አረጋውያን መጦሪያ ሊያስገባቸው ነው። ለቄሱ ቢነግሩ ወሬው መንደሩን ያዳርሳል። ስለዚህ ነገሩን በሰው ልክ አሳንሰው «ወሮበሎች» አሉት፤ ለወሮበላ ደግሞ መድኃኒቱ ሽጉጥ ነው ብለው ቆረጡ። ፈቃዱ እስኪመጣ ድረስም ዓሣ የሚሰነጥቁበትን ቢላዋ በካፖርታቸው ኪስ ይዘው መውጣት ጀመሩ።

እንዲህ ሲሉ ሰነበቱ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሱቅ ዳቦና የተጨሰ ዓሣ ገዝተው በግድቡ ሲመለሱ ጉሙ ወርዶ መንገዱንና ወንዙን አንድ አደረገው። ሰዎቹ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ቆመው ነበር። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፍተው በመካከላቸው አለፉ። ያን ጊዜ ከፊታቸው ቀይ ልብስ የለበሰ ሌላ ታያቸው። ይኸኛው እንደ ሌሎቹ አልቆመም፤ ወደ እሳቸው ይመጣል። ፊት የለውም። ፊት በሚሆንበት ቦታ ላይ ግራጫ ነገር ብቻ አለ።

ዳቦው ከእጃቸው ወደቀ። ቢላዋውን መዘዙት። ቀዩ ልብስ አሁንም ቀረበ፤ አንድ እጁንም ዘረጋ። ሽማግሌው ክንዳቸውን አነሡ።

«ሚስተር ኒየሚ፣ እኔ ነኝ። ሮዛልባ ነኝ።»

የሰሙት ድምፅ የሚያውቁት ነበር፤ የሚያዩት ግን አሁንም ፊት አልነበረውም። ክንዳቸው እንደ ተነሣ ቀረ። ከዚያ ቢላዋው ጠጠሩ ላይ ወደቀ፤ እሳቸውም ግድቡ ዳር ባለው ግንድ ላይ ተቀመጡ።

ሮዛልባም ቢላዋውን አንሥታ አጠገባቸው ተቀመጠች።  ሽማግሌው «ያ ሽጉጥ በእጄ ቢሆን ኖሮ ገና ሩቅ ሳለሽ ነበር የምተኩሰው። ስምሽን ለመናገር አትደርሺም ነበር» አሉ።

«ማን መሰልሁዎት?»

ያን ጊዜ ሁሉንም ነገሯት፤ ካፖርቶቹን፣ ባርኔጣውን፣ ድምፅ የሌለውን እግር። «አሁንም አሉ። ባርኔጣዋ ከኋላሽ ቆማለች» አሏት። ሮዛልባ ሳትፈልግ ዞር አለች። ከጉሙ በቀር ምንም አልነበረም። ቢሆንም ጀርባዋን በረዳት።

አልሳቀችባቸውም፤ አበዱም አላለቻቸውም። «የእኔን ፊት አሁን ያዩታል?» ብቻ አለች።

«ዳር ዳሩን። መሃሉ የለም።»

«መኪናዎን የሸጡት ነዳጅ ተወዶ ነው ብለውኝ ነበር።»

ሽማግሌው መሬት መሬት እያዩ «የአስፋልቱ ነጭ መስመር እየተጣመመብኝ ነው» አሉ።

«ለሽጉጡ ትምህርት ሲሄዱስ ዓይንዎን ያየ የለም?»

«ስሜን ነው የጠየቁኝ።»

በሳምንቱ ሮዛልባ ወደ ትልቁ ከተማ ይዛቸው ሄደች። የዓይን ሐኪሟ ጨለማ ክፍል ውስጥ አስቀምጣ መረመረቻቸውና በትሕትና አስረዳቻቸው። የዓይናቸው መሃል እየሞተ ነው። ዓይን ሥዕል መላክ ሲያቆም አእምሮ ባዶውን ቦታ በራሱ ሥዕል ይሞላዋል፤ የሚሞላውም ብዙ ጊዜ በማያውቋቸው ሰዎች፣ ባማረ ልብስ፣ በጠራ መልክ ነው። እብደትም ሙታንም አይደለም። ብዙ አረጋውያን ያዩታል፤ አፍረው ይደብቁታል። ዓይንን ግራና ቀኝ ማንቀሳቀስና መብራት ማብራት አንዳንዴ ያባርራቸዋል።

«ታዲያ እውነተኛውን ሰው ከእነሱ በምን ልለየው?» ሲሉ ጠየቁ ሚስተር ኒየሚ።

«እውነተኛው ይናገራል።»

«ዝም ያለስ እንደሆነ?»

ሐኪሟ የክፍሉን መብራት አበራች። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሲመለሱ በመኪናው ውስጥ ክርክሩን የቀሰቀሱት እሳቸው ነበሩ። «ያን ቀን ማን አየ ስትይኝ ጠልቼሽ ነበር። አሁን ግን እንዲህ ብዬ አሰብሁ። ያቺ ጸሐፊ ባለችበት ሦስት ሆነው ቢያስተናግዱኝ ኖሮ፣ ወረቀቱን በማግሥቱ ይዤ እወጣ ነበር።»

«እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ማሪሴላ ሳስብ ነበር» አለች ሮዛልባ። «እርስዎን ያዳነዎት ሕጉ አይደለም፤ የሠራተኛ ማነስ ነው። በአጋጣሚ ነው የተረፍሁት። ያው ማነስ እህቴን ሊያስገድላት ነበር። ስለዚህ ዝም ብሎ ማዘግየትን ላመሰግነው አልችልም።»

«ታዲያ ምን ይሻላል ትያለሽ?»

«የሚጠበቅበት ጊዜ ሥራ ይሠራበት። የሚያሳድዳት ሰው ያለባት ሴት ፍርድ ቤት ያውቃታል፤ እሷ ትቅደም። ሌላው ሲጠብቅ ዓይኑ ይታይ፤ የሚያውቀው ሰው ይጠየቅ። ወንበር ላይ አስቀምጦ ማቆየት ብቻውን ጥበቃ አይባልም።»

ሽማግሌው ወደ ወንዙ ዞር አሉ። «እኔ መብቴን የሚነጥቁኝ መስሎኝ ነበር። ሊነጥቀኝ የመጣው የገዛ ዓይኔ ኖሯል። እንግዲያስ ሱቁ ጋ አቁሚልኝ» አሉ። ወርደው ያስቀመጡትን ሽጉጥ ለሌላ እንዲሸጡት ነገሩ፤ የአሻራ ቀጠሯቸውንም ሠረዙ።

ክረምቱ ሲያበቃ ወረዳው ስለ ፈቃዱ መዘግየት የሕዝብ ስብሰባ ጠራ። ብዙ ሰው በቁጣ ተናገረ። ሚስተር ኒየሚም ተራቸው ሲደርስ የሮዛልባን ክንድ ይዘው ወደ ፊት ወጡና ጉዳቸውን ሳይደብቁ ተናገሩ። «የምትጠብቁበት ጊዜ ይጠር፤ እኔም እደግፋለሁ። ባዶ ግን አይሁን። የእኔ ዓይነቱ ሰው ቢመረመር ሦስት ሰው ይጠቀማል። በጉም ውስጥ የሚመጣው ጎረቤት በሕይወት ይኖራል። ሽማግሌው ነፍሰ ገዳይ ሳይሆን ይሞታል። በእርግጥ የምትሳደደው ሴት ደግሞ እንደ እኔ ካለው ወረፋ ወጥታ ቶሎ ትደርሳለች። አፍሬ ዝም እንዳልሁ ሽጉጡ እጄ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ይህቺ መምህርት ዛሬ እዚህ አትቆምም ነበር።»

 የወረዳው ሹማምንት ከተመካከሩ በኋላ ሁለተኛ ጸሐፊ እንዲቀጠርና አደጋ ያለባቸው እንዲቀድሙ ወሰኑ። የዓይን ምርመራው ሕግ ማሻሻል ስለሚጠይቅ ለበላይ አካል እንዲጻፍ ሆነ፤ እስከዚያው ድረስ ግን የሽጉጥ አስተማሪው በገዛ ፈቃዱ ሰሌዳ ግድግዳው ላይ ሰቅሎ ፊደል ማስነበብ ጀመረ። በመጀመሪያው ወር ከተማሪዎቹ መካከል ወደ ሐኪም የሄዱ ነበሩ። ዕውቀት ኀፍረትን አሸንፎ ከወጣ የሚያተርፈው ሕይወት እንዲህ ያለ ነው።

ያን ዕለት ከስብሰባው ሲወጡ ሚስተር ኒየሚ ሮዛልባን «ሁሉም እየተንሾካሾከ ነበር። እነዚያ መጨረሻው ረድፍ ላይ የተቀመጡት ግን በጥሞና ነበር የሰሙኝ። የየት አገር ሰዎች ናቸው?» ብለው ጠየቋት።

ሮዛልባ የአዳራሹን በር ወደ ኋላ አየች። የመጨረሻው ረድፍ ወንበሮች ታጥፈው ግድግዳው ላይ እንደ ተደገፉ ነበሩ።

«ተናገሩ?» አለቻቸው።

«አልተናገሩም» አሉ ሽማግሌው። ክንዷን ጠበቅ አድርገው ያዙና ደረጃውን አብረው ወረዱ።