የቀኙ ሞላ

ሄሎ?... አቤት እትዬ!... ድምፅሽ ይቆራረጣል፣ ቆይ ወደ በሩ ልጠጋ... እህ፣ አሁንስ ትሰሚኛለሽ?

— አዎ፣ ጋራዥ ነኝ። ካንቺ ቤት ጀርባ ያለው... የአባዬን መኪና አስጎትቼ አመጣኋት።... አትቆጪ እንጂ! የኛ ሰፈር መካኒኮች አሮጌ አንነካም አሉኝ፣ ምን ላድርግ?... አውቃለሁ። ልታያት እንደማትፈልጊ አውቃለሁ።

— ለብረት ሰብሳቢዎች ስጣት? የአባዬ ማስታወሻ እኮ ናት!... እሺ፣ እሺ። መጀመሪያ ስሚኝ። የፊት እግሯን ፈታነው። ሞላውን፣ የመሪውን ቴስቲና፣ የላስቲክ ጎሚኒውን፣ ያለቀውን ሁሉ አወለቅን። የሾፌሩ በኩል ደህና ነው። በቀኝ፣ የጋቢናው በኩል ግን... ሞላው ተልፈስፍሷል፣ ጎሚኒው ዱቄት ሆኗል።... እኔም እሱን እኮ ነው የምልሽ! እማዬ ካረፈች ወዲህ አባዬ ማንን ጋቢና አስቀምጦ ያውቃል? በሩን እንኳ ነክቶት አያውቅም። እኔን ልጁን ከኋላ ነበር የሚጭነኝ፣ እንደ ጆንያ።

— መካኒኩማ "እዚህ ጋ ሁልጊዜ ሰው ይቀመጥ ነበር" ይላል።... ኧረ አይቀልድም። ሳቂታው ነው የሚሉት፣ ዛሬ ግን ጥርሱን አላየሁትም።

— አዲስ ሞላ አስገባንላት፣ በሁለቱም በኩል። ከክሪክ ስናወርዳት ግን... እትዬ፣ ወደ ቀኝ ዘመመች።... ባዶ ናት አልኩሽ! ወለሉንም በውሃ ልክ አየነው፣ ምንም የለውም። የግራውን ሞላ ወደ ቀኝ ቀየርነው። ያው ናት።

— ቆይ አንዴ... አንተ ሳቂታው! መዶሻውን ተወው እስቲ፣ ስልክ ላይ ነኝ!... ምን?... አንተ አይደለህም?

— ምንም አይደለም እትዬ። የሆነ ነገር ይንኳኳል።... ላንቺም ተሰማሽ?... አዎ፣ መስታወት ነው። የጋቢናው።... የምኗ? የእማዬ ቀለበት ድምፅ?... በናትሽ አታስፈራሪኝ!... አዎ። ሁለቴ ቶሎ ቶሎ፣ ከዚያ አንዴ ቀስ ብሎ። እንደሱ ነበር የምታንኳኳው።

— አታልቅሺ።... ጥፋትሽ አይደለም። ተኳርፋችሁ ነበር፣ ማን ያልተኳረፈ አለ? ልትታረቅሽ እኮ ነበር የተነሳችው! ያንን የሚጠባትን ጫማ አድርጋ፣ በሆድሽ ለነበረው ልጅ የሠራችውን ሹራብ ይዛ... መንገድ ላይ፣ እዚችው ጋቢና ውስጥ ልቧ ከዳት እንጂ።... አዎ። አልደረሰችም።

— ሳቂታው! የት ነው?... ሄደ። መፍቻውን ሁሉ በትኖ ሮጠ።

— እኔማ የአባዬን መኪና ጥዬ የት እሄዳለሁ?... እትዬ፣ አሁን ገባኝ። ያ በር ከውስጥ አይከፈትም፣ ትዝ ይልሻል? መክፈቻው ተሰብሮ፣ አባዬ ነበር ዞሮ የሚከፍትላት። "እስረኛህ ነኝ ወይ?" ትለው ነበር።... አዎ። ያን ቀንም በራሱ በር በኩል ነው አቅፎ ያወጣት። ይሄኛውን የከፈተላት የለም።

— ልክፈተው?... እሺ። ይኸው ያዝኩት።... ዝጓል... ቆይ... እህ! ተከፈተ።

— ማንም የለም።... ወንበሩ ባዶ ነው።... ይሞቃል ግን። ወንበሩ ይሞቃል እትዬ።

— እማዬ... ውረጂ። ደርሰናል። የእትዬ ቤት ይኸውልሽ፣ ከዚህ ግንብ ጀርባ ነው።

— ...እትዬ! መኪናዋ ተነሳች! በቀኝ በኩል ብድግ አለች፣ ቀጥ ብላ ቆመች! እንደዚህ ሆና አይቻት አላውቅም!

— ሄሎ?... ሄሎ? ትሰሚኛለሽ?... ምን አልሽ?... በርሽ ተንኳኳ? ልጅሽ ይሆናላ፣ ከትምህርት ቤት... እሱማ አጠገብሽ ነው?... እንዴት አድርጎ ተንኳኳ?

— ...ሁለቴ ቶሎ ቶሎ።

— አይዞሽ። እኔም ፈርቻለሁ፣ ግን እናታችን እኮ ናት።... የምትያትንማ እኔ ምን አውቄ። ዝም ብለሽ ክፈችላት። ጫማዋ ይጠባታል፣ ብዙ አታቁሚያት።... በይ ሂጂ። እኔ ስልኩን ልዝጋው።