ሰዓቱ የያዘው ዳገት

ከአኖ ወደ ነቀምቴ ስንሄድ፣ ከፊቴ የተቀመጡት እናትና ወጣት የተዋወቁት እዚያው ሚኒባሱ ውስጥ ነው።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ አንዴ ሰዓቱን አንዴ ስልኩን የምታየው ምን ሆነህ ነው?»

«ብረት አነሳለሁ፣ አዴ። ሳነሳ ሰዓቱ የልቤን ምት ይለካል፤ ስልኩ ደግሞ ያስቀምጥልኛል።»

«ብረቱን ከየት አመጣኸው?»

«ባኬ ጃማ ሰፈር ከጓደኞቼ ጋር የቀለም ቆርቆሮ ውስጥ ሲሚንቶ ሞልተን ሠራነው።»

«ካነሳኸው ሁሉ የከበደህ የቱ ነው?»

«እሱማ ብረት አይደለም። አባቴ ነው።»

«እንዴት?»

«ክረምት ላይ ታመመብን። ሰፈራችን መኪና አይገባም። ከጎረቤት ጋር በቃሬዛ እየተቀባበልን ዳገቱን አወጣነው። መንገድ ላይ ሰዓቱ ‹ስፖርት ጀመርክ ወይ?› ብሎ ጠየቀኝ።»

«ምን አልከው?»

«እጄ ቃሬዛው ላይ ነው፣ ምን እለዋለሁ? ዝም ስለው ራሱ መመዝገብ ጀመረ። ይኸው ስልኩ ላይ፣ ይሄ መስመር የልቤ ምት ነው። ከዳገቱ ጋር ሲወጣ ይታይዎታል?»

«እዚህ ጋ ለምን ወረደ? ሌላ ሰው ተቀበለህ?»

«አይ፣ ትከሻዬ ላይ ነበር። እዚያ ስንደርስ አባቴ ቃሬዛው ላይ እንደተኛ መዝሙር ጀመረ። እኛም ተቀበልነው።»

«ታዲያ አሁን ተሻላቸው?»

«በሳምንቱ ቀበርነው፣ አዴ።»

ሴትየዋ ወደ ስልኩ ጠጋ አሉ።

«እስቲ የዘመሩባትን ቦታ እንደገና አሳየኝ።»

«ይቺውና።»

እኔ ሰዓት አላስርም፤ ነቀምቴ እስክንገባ ድረስ ግን ሁለት ጣቶቼን የእጄ አንጓ ላይ አድርጌ፣ ምቱን እያዳመጥኩ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ሄድኩ።