አባ ሞክረው ጠበቃ አቆሙ

ሰው ዘመዱን ሠርግ ቤት ቢያገኘው ይስማል፤ ፍርድ ቤት ኮሪደር ላይ ሲያገኘው ግን ያላየ መምሰል ይቀናዋል። ቁልፍ ቀራጩም ይህንኑ ሞከሩ። የሟች ወንድማቸው ልጅ፣ የሒሳብ መምህርቷ፣ የትምህርት ማስረጃዋን አስረጋግጣ ከላይኛው ፎቅ ስትወርድ ባዩ ጊዜ ባርኔጣቸውን ወደ ዓይናቸው ጎተት አድርገው ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ማንበብ ጀመሩ። ማስታወቂያው «ሲጋራ ማጨስ ክልክል ነው» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልነበረውም፤ እሳቸው ግን እንደ ረጅም መጽሐፍ አፍጥጠውበት ቀሩ።

«ጋሼ! እዚህ ምን ይሠራሉ?»

«እንደምን ዋልሽ ልጄ። ምንም… ፀሐዩ በርትቶብኝ ጥላ ፍለጋ ገባ ብዬ ነው።»

«በዚህ ደመና?»

ውሸት እንዲህ ነው፤ ላልለመደው ሰው ዐሥር እርምጃ እንኳ አይሄድለትም። ሰውየው ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን አልለመዱትም። ሠፈሩ «አባ ሞክረው» ያላቸው በሥራቸው ጠባይ ነው። ቁልፍ ቀርጸው ሲጨርሱ «ሂድና በሩ ላይ ሞክረው፤ ካልከፈተ ይዘኸው ና» ሳይሉ ከማንም ዋጋ አይቀበሉም። ሰዉ በዚህ ይቀልድባቸዋል፤ በዚሁም ያምናቸዋል። መንገድ የሚሄድ ሰው የቤቱን ቁልፍ ለገዛ ወንድሙ ከሚሰጥ ለእሳቸው አደራ ቢል ይመርጣል።

አሁን ግን ዓይናቸው ቀልቷል። መምህርቷ አጠገባቸው አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፤ እሳቸውም ጥቂት ካንገራገሩ በኋላ ከባርኔጣቸው ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አወጡ።

«ተከ… ተከስ… ተከስሼ ነው፤ አየሽ፣ አፌ እንኳ እምቢ አለኝ። የጨርቅ ነጋዴዋ መጋዘን መዘረፉን ሰምተሻል? የሰረቀው ዕቃ ጠባቂዋ ነው። ቀን ቀን ቁልፉ እሱ እጅ ይውላል፤ ማታ ለእሷ ያስረክባል። ለመጠባበቂያ ትፈልገዋለች ብሎኝ አንድ ቀረጽኩለት። እሱ ሌሊት ገብቶበት ኖሯል።»

«ምን ሊሉ ነው ታዲያ?»

«ምን እላለሁ? ቁልፉን የቀረጽኩት እኔ ነኝ። ዳኛው ‹አድርገሃል?› ሲሉኝ ‹አዎ› ብዬ መገላገል ነው። በዚህ ዕድሜዬ ልዋሽ?»

«ወረቀቱን አንብበውታል?»

«ስሜን አየሁት። ‹ስርቆት› የሚለውን አየሁት። ከዚያ ወዲያ ዓይኔ አልሄደም።»

መምህርቷ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አነበበችላቸው። «‹ለስርቆት እንደሚውል እያወቀ፣ ሰራቂውን ለመርዳት አስቦ፣ ቁልፍ ቀርጾ በመስጠቱ በተባባሪነት ተከሷል።› ጋሼ፣ ሊሰርቅበት እንደሆነ ያውቁ ነበር?»

«ባውቅማ ይህ እጄ ይቆረጥ!»

«ታዲያ ‹አዎ› የሚሉት የቱን ነው? ክሱ ሦስት ነገር አንድ ላይ አስሮ ነው የመጣው፤ ቀርጿል፣ ያውቃል፣ ሊረዳ አስቧል። እርስዎ ያደረጉት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። በደፈናው ‹አዎ› ካሉ ግን ሦስቱንም በራስዎ አንደበት ተቀበሉ። ያን ጊዜ ነው የሚዋሹት።»

አባ ሞክረው ወረቀቱን ተቀብለው ‹እያወቀ› የምትለዋን ቃል በጣታቸው ፈለጓት። የብዙ ደግ ሰው ጥፋት ይህ ነው፤ የሠራውን መካድ ኃጢአት ነው ብሎ ያልሠራውን ሳይቀር ተሸክሞ ይወጣል። ተንኮለኛማ የክሱን እያንዳንዷን ቃል አንብቦ ነው የሚገባ።

«ይሁን» አሉ በመጨረሻ። «‹አላውቅም ነበር› እላለኋ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።»

«ይጠራል ጋሼ። ግን እስኪጠራ ድረስ እርስዎ የት ሆነው ይጠብቃሉ? ሱቁንስ ማን ይከፍተዋል? ‹የሌባ ተባባሪ› የተባለን ቁልፍ ቀራጭ ቁልፉን አምኖ የሚሰጠው ማን አለ? ጠበቃ ያቁሙ።»

«ጠበቃ?» ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ ጣሉት። «ጠበቃ የሚያቆም የሚደብቀው ያለው ነው! ሠፈሩ ምን ይለኛል? ‹ንጹሕ ቢሆን አፍ አይከራይም ነበር› አይለኝም?»

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሰው ቁልፉ በር ውስጥ ሲሰበርበት፣ ራሱ ሽቦ ይዞ ቢጎረጉረው ምን ይሉታል?»

«እብድ ነዋ! የቀረውንም አበላሽቶ ነው ወደኔ የሚመጣ። ትናንት እንኳ አንዱ…» ጀምረው አቆሙ። የወንድማቸውን ልጅ ጎሪጥ አዩዋት። «አንቺ ልጅ፣ አባትሽም እንዲህ እያባበለ ነበር የሚረታኝ።»

«ታዲያ ተረቱ።»

«እሺ፣ አንቺው ተከራከሪልኝ። ተምረሽ የለም?»

«እኔ የተማርኩት ሒሳብ ነው ጋሼ። የክሱን ወረቀት ማንበብ እችላለሁ፤ የትኛው ምስክር መቼ እንደሚጠራ፣ ምን ተጠይቆ ምን እንደሚታለፍ ግን አላውቅም። ተምሬያለሁ ብዬ ብገባበት ያ ሽቦ የያዘው ሰውዬ እኔ ነኝ።»

ከፍርድ ቤቱ ሲወጡ በሩ ላይ ጠጉሩን በቅባት ያስተኛ የጉዳይ ደላላ ተቀበላቸው። የሰው ጭንቀት ከሩቅ ይሸተዋል። «አባቴ፣ ክስ ነው? ለኔ ይተዉት። ዳኛውን አውቃቸዋለሁ፤ ሳይጀመር አዘጋልዎታለሁ» አላቸው። አባ ሞክረው ልባቸው ትንሽ ሸፈት ብሎ ነበር። መምህርቷ ግን ክንዳቸውን ይዛ አሳለፈቻቸው።

«ውጤቱን አስቀድሞ የሚሸጥልዎትን ሰው ይሽሹት» አለች። «እውነተኛ ጠበቃ ፈቃዱን ያሳይዎታል፣ ክፍያውን ቀድሞ ይነግርዎታል፣ የማያውቀውን ‹አላውቅም› ይላል። አቅም ቢያጥርም ፍርድ ቤቱ ራሱ ጠበቃ የሚያቆምበት መንገድ አለ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም።»

መምህርቷ የወሰደቻቸው ጠበቃ ቢሮው ከመድኃኒት መደብር በላይ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ በገመድ የታሰሩ መዝገቦች ተቆልለዋል፤ በሩም ሲዘጋ ያላዝናል። አባ ሞክረው እንደተቀመጡ ዓይናቸው ከበሩ ማጠፊያ ላይ አልነሣ አለ። ጠበቃው ፈቃዱ በመስተዋት ሆኖ የተሰቀለበትን ግድግዳ አሳያቸውና መነጽሩን አወለቀ።

«የሚነግሩኝን ያለ ፈቃድዎ ለማንም አልናገርም። ስለዚህ የሚያሳፍረውንም፣ የማይረባ የሚመስልዎትንም ይንገሩኝ። በነፃ ይወጣሉ ብዬ ቃል አልገባልዎትም፤ ያለዎትን እውነት ግን አንዱንም መንገድ ላይ አልጥለውም። ዕቃ ጠባቂው ‹ቁልፍ ቀራጩም ያውቅ ነበር› ብሏል። ሸክሙን ማካፈሉ ነው። እስቲ ከመጀመሪያው ይጀምሩልኝ። ቁልፉን ሰጡት፤ ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሞክረው አልኩት። ሄዶ መጣና ‹እምቢ ብሏል፤ ግድ የለም፣ ይቅር፣ ዋጋህን ውሰድ› አለኝ። እንዴት ይቀራል! ያልከፈተ ቁልፍ ሸጬ አላውቅም። ሞረዴን ይዤ ‹ቅደም› አልኩት። አልፈልግም ቢል፣ ቢለምን፣ ላብ በላብ ቢሆን ወይ ፍንክች። በቀትር መጋዘኑ በር ላይ ቆሜ እየሞረድኩ እየሞከርኩ ከፈትኩላቸው። ለነጋዴዋ ጨርቅ የምትሸጠውን ልጅም ‹ይኸው፣ ለእመቤትሽ የመጠባበቂያውን ቁልፍ አስተካክዬላታለሁ፤ ንገሪያት› ብያት ነው የሄድኩት።»

ጠበቃው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ይህን ለማን ተናግረዋል?»

«ማን ጠየቀኝ? ፖሊስ ‹አንተ ነህ የቀረጽከው?› አለኝ፤ ‹አዎ› አልኩ። አለቀ።»

«አባቴ፣ ሌባ የሚረዳ ሰው ለባለቤቷ ‹ንገሪያት› ብሎ መልእክት ይልካል?»

አባ ሞክረው ከሥራ ጠባያቸው ሌላ ምንም ያወሩ አልመሰላቸውም ነበር። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ የሚባለው ለዚህ ነው፤ የሚጠይቅ ከሌለ ንጹሕ ሰው የሚያድነውን ነገር በኪሱ ይዞ ይታሰራል።

በችሎቱ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። የሠፈሩ ሰው ግማሹ ለማዘን፣ ግማሹ ለማየት መጥቷል። ዳኛዋ ክሱን አንብበው «ድርጊቱን ፈጽመዋል ወይስ አልፈጸሙም?» ሲሉ፣ ያ የዱሮው «አዎ» ከአባ ሞክረው ምላስ ጫፍ ደርሶ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ዋጡት።

«ቁልፉን ቀርጫለሁ፤ አልክድም። ለስርቆት መሆኑን ግን አላወቅሁም፣ አላሰብኩምም። ስለዚህ በክሱ ላይ የተጻፈውን ወንጀል አልፈጸምኩም። የቀረውን ጠበቃዬ ያስረዱልኛል።»

በሚቀጥለው ቀጠሮ ሻጯ ልጅ ቀርባ መሰከረች። መልእክቱን ለእመቤቷ ሳትነግር ረስታው ኖሯል፤ ከስርቆቱ በኋላ ደግሞ ጥፋቱ በእኔ ይመጣል ብላ ፈርታ ዝም ብላለች። አሁን ግን እያለቀሰች ሁሉንም ተናገረች። ዕቃ ጠባቂውም ጠበቃው በጥያቄ ሲይዘው «እሳቸው አያውቁም ነበር፤ እምቢ ብላቸው ቁልፉን ካልሞከርኩ ብለው መጥተውብኝ ነው እንጂ!» አለ። ዳኛዋ አባ ሞክረውን በነፃ አሰናበቷቸው። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ፤ መምህርቷም አብራቸው አለቀሰች።

ከዚያ ወዲህ ሱቃቸው ሌላ ሱቅ ሆኗል። ቁልፍ ሊያስቀርጽ የመጣ ሁሉ ምክር ይዞ ይሄዳል። «ክስ ሲመጣብህ አትጠፍ፣ አትቆጣ፤ አንብበው። ‹አዎ› ከማለትህ በፊት ‹አዎ› የምትለው ለየትኛው ቃል እንደሆነ እወቅ። ጠበቃህን ቀድመህ ፈልግ እንጂ ከተፈረደብህ በኋላ አትሩጥ፤ ለእሱም አትደብቅ። እኔ ጠበቃ ውሸት የሚቀባ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ እውነትህን ከሰው ውሸት የሚለይልህ ነው!» ይላሉ። አንዳንዱ ምክሩ ሲረዝምበት ቁልፉን ትቶ ይሸሻል። እሳቸው ግን አይቀየሙም፤ ቁልፉን ሊወስድ ሲመለስ ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

የራሳቸውንም ሥራ አሻሽለዋል፤ ቁልፉ የሌላ ሰው ከሆነ ባለቤቱን ሳይጠይቁ አይቀርጹም።

አንድ ቀን የጨርቅ ነጋዴዋ ራሷ ሱቃቸው በር ላይ ቆመች። አባ ሞክረው ከመቅረጫው ማሽን ቀና ብለው ሲያዩዋት ማሽኑን አጠፉት። ሴትዮዋ ቦርሳዋን ከፈተችና አዲስ ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«የመጋዘኑ ነው» አለች። «ጓጉንቸሩን ቀይሬዋለሁ። አንድ ይቅረጹልኝ። ባለቤቱን ይጠይቁ እንደሆነ፣ ባለቤቷ ነኝ።»

ቁልፉን ተቀብለው ቀረጹላት። ዋጋውን ስትዘረጋላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«መጀመሪያ ሞክሪው።»

«አልሞክረውም» አለች ነጋዴዋ። «እርስዎ ይሞክሩልኝ።»

አባ ሞክረው ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ሞረዳቸውን ይዘው፣ በዚያው በቀትር፣ ሰው ሁሉ እያያቸው፣ ከነጋዴዋ ጎን ሆነው ወደ መጋዘኑ ሄዱ። ቁልፉን ከተው አዞሩት።

«ከፈተ» አሉ።