ፓምፑን ከአዲስ አበባ ሲያዙት
ምግብ ቤት የከፈትኩበትን የከሚሴ ሕንፃ ባንክ በዕዳ ወሰደው። የቀድሞው ባለቤት ሐጂ የውሃውን ፓምፕ ያስተካከሉት በሶላት ሰዓት ልክ እንዲሠራ ነበር፤ አዛን ሳይል ጣሪያው ላይ ያለው ታንከር ይሞላል፣ ከጨፋ ሮቢት የመጣው ገበያተኛ እኔ ዘንድ ለሶላት ታጥቦ፣ ውዱእ አድርጎ፣ ይሰግድና ይበላል። ባንኩ የላከው ወጣት ኢንጂነር ሥራ በጀመረ ማግስት፣ ልክ በቀትሩ ሶላት፣ ዙሁር ላይ፣ ቧንቧው ደረቀ። እየተንደረደርኩ ሄድኩበት።

«እናቴ፣ አዲስ ሲስተም ነው» አለኝ። «ፓምፑ መብራት እንዳያባክን ሌሊት ብቻ ይሠራል። አዲስ አበባ ሆነው በስልክ ነው የሚቆጣጠሩት።»

«ታንከሩ ትንሽ ነው፣ እስከ ዙሁር አያደርስም እኮ!»

«ሪፖርት አደርጋለሁ።»

«እስከዚያ እንግዶቼን በስልክህ ውዱእ አስደርጋቸዋ!»

እንግዶቼ ሳቁ። ሳቁና ጫማቸውን አጥልቀው መስጊዱ አጠገብ ወዳለው ምግብ ቤት ሄዱ፤ ወላሂ፣ አንዳቸውም አልተመለሱም። ከሳምንታት በኋላ ያው ኢንጂነር ስልኩን ዘርግቶ እየፈካ መጣ።

«አየሽ እናቴ፣ የሕንፃው የውሃ ፍጆታ ቀነሰ!»

«አብሽር» አልኩት፣ ድስቶቼን ባጃጅ ላይ እየጫንኩ፤ «ከነገ ጀምሮ ከኔ በኩል ጭራሽ አይኖርም።»