ብርቄ ሁዳዴን ስትጾም

በኛ ዘመን፣ ልጄ፣ ድመት ከታመመች ሣር በልታ፣ አስታውካ ትድን ነበር፤ ካልዳነችም ሌላ ድመት ትመጣለች። ዛሬማ ሥልጣኔ ነው፤ ሠላሳ ዓመት መቀሌ ላይ ያስተማርኩ ሰውዬ ድመት በዘንቢል ይዤ ሐኪም ቤት ሄድኩልህ።

ታዲያ እንዴት መሰለህ፣ ባለቤቴ አስካለ ጾም አጥባቂ ናት፤ ሁዳዴ ሲገባ ሥጋው ከቤት ወጣ፣ ወተቱ ወጣ፣ እና ድመታችን ብርቄም አብራን ጾመኛ ሆነች። ሽሮ፣ ሽሮ፣ አሁንም ሽሮ። አስካለ ደግሞ ለጎረቤቱ ሁሉ «የኔ ብርቄ እኮ ከቄሱ እኩል ነው የምትጾመው» ትላለች። ታዲያ በአምስተኛው ሳምንት የጾመኛዋ ሆድ አበጠ። በጾም የሚወፍር አይተህ ታውቃለህ? እኔስ አላየሁም። አስካለ ግን አለቀሰች። ልጆቻችን በየአገሩ ሄደዋል፣ ቤት ውስጥ የምታጫውተው ብርቄን ነው፤ እኔማ መልስ ስለምሰጥ አልመቻትም። «ከሞተች የገደልኳት እኔ ነኝ» ብላ እህል እምቢ ስትል ጊዜ፣ ዘንቢሉን አነሣሁ።

እሺ፣ ሓወልቲ አካባቢ ያለው የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ደረስን። በግ የሚጎትት፣ ጥጃ የሚገፋ ተሰልፏል፤ እኛም ከነዘንቢላችን። ሐኪሙ የዚሁ አገር ልጅ ነው፣ አባቱን አቦይ፣ እናቱን አደይ የሚል፤ ገለጥ አድርጎ የተቀደደ ጆሮዋን አየና ሳቀ።

«ዋይ አቦይ፣ ይህቺማ ሉባባ ናት። ካርድ አላት እኮ።»

«የምን ሉባባ? ብርቄ ናት» አለች አስካለ።

«አይ አደይ፣ ባለፈው ሳምንት አደይ ዘሃራ አምጥተዋት ነበር። እርጉዝ ናት፣ ሥጋውም በልክ ይሁን ብያቸው ነበር።»

ዘሃራ ማለት የወሎ ሰው ናት፣ ከኛ ጋር ግድግዳ የምትጋራ። ለካ ጾመኛዋ በአጥር ዘላ ቅልጥም ስትግጥ ነው የከረመችው፣ እርግዝናውን ተወው። አሁን አስካለ በቁጣ ትነድዳለች ብዬ ስጠብቅ፣ ድመቷን አቅፋ «እንኳን በላሽ፣ የኔ እናት፣ እንኳን በላሽ» አትልም?

ከዚያ ወዲህ በሁዳዴም ቤታችን ወተት ይገባል፣ ለድመቷ። እሷ ፊት ለፊቴ ትልሳለች፣ እኔ ሽሮዬን እጠቀልላለሁ።

«ታዲያ አባባ፣ እርስዎም ዘሃራ ቤት ብቅ አይሉም?» አልከኝ?

ብያለሁ እንጂ። አንድ ቀን የወጡ ሽታ ቢጠራኝ ሄድኩ። እሷ ሆዬ በሩን ገርበብ አድርጋ ይዛ «ጋሼ፣ ጾም አይደል እንዴ? ኧረ ነውር ነው» ብላ መለሰችኝ።