በየማለዳው አዲስ እጅ

በ2004 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ፣ ሸዋ ሮቢት መውጫ ቆሜ የካራቆሬ ሚኒባስ ስጠብቅ የቀድሞ ጎረቤቴን ጋሼ ታከለን አገኘኋቸው። አብራቸው የእህታቸው ልጅ ኢየሩሳሌም ነበረች፤ ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ የምታጠና፣ ለመመረቂያ ጽሑፏ የመስኖ ገበሬዎችንና የቀን ሠራተኞችን ስትጠይቅ የሰነበተች ልጅ ናት። እኔ አስተማሪ ስለሆንኩ ሁለቱም በእኔ ፊት መከራከር ይወዳሉ፤ ዳኛ ያገኙ ይመስላቸዋል።

ጋሼ ታከለ የመጡት ሠራተኛ ፍለጋ ነው። ከደጋ የወረዱ ሰዎች በየማለዳው እዚያ መንገድ ዳር ተቀምጠው ቀጣሪ ይጠብቃሉ። የጋሼ ታከለ ሽንኩርት ደርሷል፤ ደመናው ደግሞ ከብዷል። ዝናብ ከቀደማቸው ሽንኩርቱ መሬት ውስጥ እንዳለ ይበሰብሳል። በሬዎቻቸውን ሸጠው የውኃ ፓምፕ የገዙለት ማሳ ስለሆነ፣ ይህ ምርት ከጠፋ መሬቱን ለሌላ ሰው ከማከራየት በቀር መላ የላቸውም።

በያዙት ዘንግ "አንተ፣ አንተ፣ አንቺ" እያሉ ጠቆሙ። ማንም አልተነሣም። አንዱ ጫማውን ያስር ጀመር፤ ሌላው አንገቱን አዞረ። ወዲያው ሷሊሕ የሚባል የጀውሃ ገበሬ በጋሪ ሲደርስ፣ ገና ሳይወርድ ብዙ ሰው ብድግ አለ። እሱም በየስማቸው እየጠራ፣ የአንዷን ልጅ ጤንነት ጠይቆ ይዟቸው ሄደ። ጋሼ ታከለ ዘንጋቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው። እኔም በእሳቸው ፈንታ አፍሬ ወደ አስፋልቱ አየሁ።

"ዘንድሮ የቀን ሠራተኛ ጠግቧል" አሉ።

"ጋሼ፣ ጥጋብ አይደለም" አለች ኢየሩሳሌም። "አንቱ አንድን ሰው ሁለት ቀን አያሠሩም።"

"አላሠራማ! ያደረ ሠራተኛ ቤቱን ይለምዳል፤ የለመደ ደግሞ ይለግማል። አዲስ ሰው ግን ሊመሰገን ብሎ ይሠራል። አባቴም በማሽላ ቆረጣ እንዲሁ ነበር የሚያደርገው።"

እውነት ለመናገር ይህን እንደ ትልቅ ብልኃት የሚቆጥር አባወራ እሳቸው ብቻ አይደሉም። ልጅቱ ግን ድምፅዋን ሳታነሣ አስረዳቻቸው። ማሽላ መቁረጥ የማያውቅ ገበሬ የለም፤ ሽንኩርት ግን ቅጠሉ ሲቆረጥ አንገቱ ካጠረ ቁስሉ ሳይደርቅ ይበሰብሳል። ጀማሪው ቀኑን ሙሉ ሲያበላሽ ይውልና እጁ ሲፈታ ይሰናበታል፤ በማግስቱ ሌላ ጀማሪ ይተካል። ከአንድ ቦይ ውኃ የሚጠጡ፣ አንድ ዓይነት ዘር የተዘራባቸውን ማሳዎች አነጻጽራ፣ ሠራተኛ የሚያቆዩት ገበሬዎች ምርት ጆንያ ውስጥ ብዙም እንደማይበላሽ ደርሳበታለች።

"ፓምፕ ሲገዙ ሀብት አፈራሁ ይላሉ። ሰው ማስተማርም ሀብት ማፍራት ነው። አንቱ ግን የገዙትን ፓምፕ በየማታው ወንዝ ይጥላሉ።"

ጋሼ ታከለ "እኔ የምከፍለው ለጉልበት እንጂ ለትምህርት አይደለም" ብለው ተከራከሩ። በየስብሰባው ስለ ምርታማነት ሲወራ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር እንጂ የሠራተኛ ነገር ሲነሣ አልሰሙም። ይህስ እውነታቸውን ነው።

"ከእነዚህ ሰዎች ውስጥ ስሙን የሚያውቁት አለ?" ስትል ጠየቀቻቸው።

ተቀማጮቹን አንድ በአንድ አዩ፤ የሚጠሩት ስም ግን አላገኙም። ቀይ ሻሽ ያሰረች ሴት ቀና አለች።

"እኔ እንኳ አውቅዎታለሁ። ካቻምናም አምናም ከማሳዎ ውዬ ነበር። አምና ሽንኩርቱ አንገቱ አጥሮ ሲቆረጥ አይቻለሁ።"

"አይተሽ ዝም አልሽ?"

"ነገ የማልመለስበት ሽንኩርት ቢበሰብስ እኔ ምን ቤት ነኝ? የሷሊሕ ቢሆን እናገር ነበር።"

የተናገረችው በቂም አልነበረም፤ ያ ነው የባሰው። ጋሼ ታከለ አምና የበሰበሰውን ሽንኩርት ከነጆንያው ገደል ሲደፉ አይቻቸዋለሁ፤ ያን ጊዜ የረገሙት ዘሩን የሸጠላቸውን ነጋዴ ነበር። አሁን የሚረገም ሌላ ሰው አጡ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እንዲህ ነው። ፊታቸው ጠቁሮ ዘንጉን መሬት ላይ አጋደሙት፤ በዚያ ዕድሜያቸው ከሴትዮዋ ፊት ቁጢጥ አሉ።

"አጥፍቻለሁ፤ አፍሬያለሁም። ስምሽን ማን ልበል?"

"አሰገደች።"

አሰገደች ቶሎ እሺ አላለችም። ሥራውን የጀመረው ሰው እስከ መጨረሻው እንዲቆይ፣ ቀትር ላይ ጥላ ሥር እንዲያርፍ፣ በሚቀጥለው ምርትም መጀመሪያ እሱ እንዲጠራ ተስማምታ ጓደኞቿን አስነሣች።

ዝናቡ የመጣው ሽንኩርቱ ከገባ በኋላ ነው። በየቀኑ ያው ሰዎች ስለ ተመለሱ እጃቸው ለምዶ ሥራው ፈጠነ፤ ከኋላቸው ቆሞ የሚጮህ ሰው አላስፈለገም። ምርቱም ሳይበላሽ ገበያ ደረሰ። መሬቱ ከጋሼ ታከለ እጅ አልወጣም፤ ሠራተኞቹም ነገ ማን ይወስደን ይሆን ከማለት ዐረፉ። አንድ ነገር የተማረን ሰው ማቆየት ለቀጣሪም ለተቀጣሪም እንደሚበጅ ከዚህ በላይ ምን ያስረዳል?

ከወር በኋላ ገበያ ውስጥ አገኘኋቸውና "እንኳን ሽንኩርቱ ዳነልዎ" አልኳቸው። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር፤ አንገታቸውን ደፉ።

"ሽንኩርቱስ ዳነ" አሉ። "ግን መምህር፣ ይህን ሁሉ ዘመን ስንቱን ሰው ስሙን ሳልጠይቅ ሸኘሁ?"